ያገለገለ ፒካፕ ስትመርጡ፦ የትኛው ሞተር በምን ይታማል?

ያገለገለ ፒካፕ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። አንዱ "ያንን እንዳትነካ፣ ሞተሩ አያስተማምንም" ይለዋል። ሌላው በዚያው መኪና 400 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቶ ከዘይትና ከፊልትሮ በቀር ምንም እንዳልቀየረ ይምላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሰው ግራ የሚጋባውም ለዚህ ነው።

እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። የገዛሁት ፒካፕ (የማን ስሪት እንደሆነ ይቅር) ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ ንጹህ ነበር። ሻጩ "የታይሚንግ ቺንጋው በቅርቡ ተቀይሯል" አለኝ። ይህ ቺንጋ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በአንድ ምት የሚያስኬድ የላስቲክ ቀበቶ ነው። አመንኩት። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ከአራት ወር በኋላ ዳገት ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ እየወጣሁ፣ ከኮፈኑ ስር "ጠቅ" የምትል አንዲት ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ በፊት አላንኳኳም፣ አልጨሰም፣ መብራትም አላሳየም። መካኒኩ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ሲያወርድ ቫልቮቹ ጎብጠው አየሁ። የተበጠሰውን ቺንጋ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገልኝ። ጀርባው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ያ ቺንጋ "በቅርቡ" የተቀየረ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ "ይህ ሞተር ይበላሻል ወይ?" ብዬ አልጠይቅም። የማይበላሽ የለም። አሁን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሲበላሽ ቀድሞ ምልክት ይሰጣል? የእኔ ጥንቃቄ ያድነዋል? ሲሄድስ ብቻውን ይሄዳል ወይስ ሌላውን ክፍል ይዞ ይሄዳል? ከታች ያሉትን ፒካፖች ያወዳደርኩት በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቅሬታውን ማንበብ

በብዛት የተሸጠ መኪና በብዛት ይወቀሳል። ሁለት መቶ ሰው ስላማረረ ብቻ ሞተሩ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። አንዱ ስለ ባትሪ፣ አንዱ ስለ ፍሬን፣ አንዱ ስለ ወንበር የሚያማርር ከሆነ ያ የማንኛውም መኪና ኑሮ ነው። ሃያ ሰው ብቻ ቢሆንም ሁሉም ስለ አንድ ዕቃ፣ በተቀራራቢ ኪሎ ሜትር፣ በተመሳሳይ ምልክት የሚናገር ከሆነ ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። እዚያ ጋ እውነተኛ ድክመት አለ።

የሞተሩን ስምም ለዩ። "ሃይሉክስ" ወይም "ሬንጀር" ማለት ብቻ በቂ አይደለም። በአንድ ስም ስር በየዘመኑ ፍጹም የተለያዩ ሞተሮች ገብተዋል። የአንዱን ኃጢአት ለሌላው መስጠት ስህተት ነው። ብዙ ሰው ጥሩ መኪና ትቶ የሚሄደውም፣ መጥፎውን የሚገዛውም በዚህ ነው።

ቶዮታ ሃይሉክስ፦ አሮጌው 3.0 ወይስ አዲሱ?

ከ2005 እስከ 2015 የወጣው ሃይሉክስ ላይ የነበረው 3.0 ሊትር ናፍታ ሞተር 1ኬዲ ይባላል። የታወቀው ቅሬታ ከአንዲት ትንሽ ነገር ይጀምራል። ኢንጀክተሩ (ናፍታውን የሚረጨው ዕቃ) ቴስታታው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ስስ የመዳብ ቀለበት አለች። ቀለበቷ ስታረጅ የተቃጠለ ጋዝ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይገባል። ጥላሸቱ ከዘይቱ ጋር ይጋገራል። ይህ ጥቁር ቅርፊት ታች ወርዶ የዘይት ፖምፓው የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። ዘይቱ ሞልቶ እያለ ሞተሩ ዘይት ይጠማዋል። የዘይት መብራት ብልጭ ሲል ብዙ ጊዜ ረፍዷል፤ ብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ስስ መደቦች) ተበልተዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የፒስተን መሰንጠቅ ታይቷል።

በእኔ ጥያቄዎች ስንመዝነው ይህ ሞተር ምልክት ይሰጣል። ጠዋት ሲነሳ ይንገጫገጫል፣ ኢንጀክተሩ ዙሪያ ጥቁር ቅባት ይጋገራል፣ "ቸፍ ቸፍ" የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ጥንቃቄም ያድነዋል። ቀለበቶቹን አስቀይሮ፣ የዘይት ገንዳውን አስወርዶ ወንፊቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ወንፊቱ ንጹህ የሆነ 1ኬዲ አግኝታችሁ ከሆነ ጥሩ ሞተር ነው፤ ብዙ ያገለግላል። ታይሚንጉ ግን በቺንጋ እንደሆነ እንዳትረሱ። ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋ ማሳሰቢያ መብራት አለው። ይህች መብራት ቺንጋው ሳይቀየርም ልትጠፋ ትችላለች። ስለዚህ መብራቱ አለመብራቱ ማስረጃ አይሆንም።

ከ2015 ወዲህ የመጡት 2.4 እና 2.8 ሊትር ሞተሮች ታይሚንጋቸው በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ነው። የቺንጋው ጭንቀት ቀርቷል። በቦታው የመጣው የዲፒኤፍ፣ ማለትም የጭስ ማጣሪያው ቅሬታ ነው። ማጣሪያው ጥላሸት ይሰበስባል፤ በየጊዜው ሞቆ ራሱን ማቃጠል አለበት። ካላቃጠለ ይደፈናል፣ ነጭ የሚሸት ጭስ ይተፋል፣ ናፍታ ይበላል። ነገሩ በአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ከ2015 እስከ 2020 በተሸጡ ከ260 ሺህ በሚበልጡ ናፍታ ቶዮታዎች ላይ ማጣሪያው ጉድለት እንዳለበት ወስኗል። ከእነዚህ መካከል ሃይሉክስ ይገኝበታል። የሚገርመው፣ ሰው ዲፒኤፍ የሚደፈነው ከተማ ውስጥ አጭር ጉዞ ስለሚነዳ ነው ይላል። በዚያ ክስ የተነሳው ችግር ግን መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለማቋረጥ ሲነዳ የሚመጣ ነበር። ስለዚህ "ረጅም መንገድ ንዳው፣ ይጠራል" የሚለው ምክር ሁልጊዜ አይሠራም።

የእኔ ምርጫ አዲሱ ነው። ምክንያቱም የዲፒኤፍ ችግር ይናገራል። ይጨሳል፣ መብራት ያበራል፣ ኃይል ይቀንሳል። ኪስ ያራቁታል እንጂ ክራንክሻፍት (የሞተሩን ዋና ዘንግ) አይሰብርም። ቶዮታ ኋላ ላይ ማጣሪያውን በእጅ ማቃጠያ ቁልፍ ጨምሯል። እሱ ያለበትን ካገኛችሁ ይሻላል።

ፎርድ ሬንጀር፦ 3.2 ወይስ 2.0?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ጥንቃቄ ሞተር እንደሚያድን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው 3.2 ሬንጀር ነው።

3.2ቱ አምስት ሲሊንደር ነው። ከ2011 ጀምሮ በሬንጀርና በወንድሙ በማዝዳ ቢቲ-50 ላይ ገብቷል። ጉልበታም ነው፤ ጭነት ይወዳል። ብዙ ባለቤት የሚያለቅሰው ግን ሞተሩ በጉዞ ላይ ስለሞተ አይደለም። ዘይት ተቀይሮ ከጋራዥ በወጣበት ቀን ስለሞተ ነው። ምክንያቱ የዘይት ፖምፓው ነው። ዘይቱ ፈስሶ ሞተሩ ባዶውን ብዙ ከቆየ፣ ፖምፓው ውስጥ ያለው ዘይትም ይወርዳል። ከዚያ አዲስ ዘይት ቢሞላም ፖምፓው አየር ይዞ መሳብ ያቅተዋል። ሞተሩ ይነሳል፤ ዘይት ግን ወደ ላይ አይወጣም። በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

መፍትሔው ያን ያህል ቀላል ነው። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ ከ10 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ የዘይት ማፍሰሻው ቡሽን ተዘግቶ አዲሱ መሞላት አለበት። ሌላ ሞተር ላይ ጥሩ ሠራተኛ "ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ይቆይ" ብሎ ምሳ በልቶ ይመለሳል። እዚህ ላይ ያ ትጋት ሞተር ይገድላል። 3.2 ከገዛችሁ ዘይት ሲቀየር አጠገቡ ቁሙ። ፊልትሮው ተከፍቶ ይዘጋጅ፣ ዘይቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ ከዚያ ቡሽኑ ይፈታ።

ሌላው የ3.2 ቅሬታ የኢጂአር (ጭሱን በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ሥርዓት) ማቀዝቀዣው መሰንጠቅ ነው። ውኃ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ የት እንደሄደ አይታይም። ውኃው በየሳምንቱ የሚጎድል ሬንጀር ካያችሁ "ትንሽ ጨምርበት" የሚለውን አትስሙ።

2.0 ባለ ሁለት ተርቦው ቀለል ያለና ናፍታ ቆጣቢ ነው። ሲነዳም ያስደስታል። ግን መጀመሪያ በወጡት ላይ ታይሚንግ ቺንጋው የሚዞረው ሞተር ዘይት ውስጥ ነው። ላስቲክ በዘይት ውስጥ ይኖራል ማለት ነው። ዘይቱ ከቆየ ወይም ዓይነቱ ከተሳሳተ ላስቲኩ ይላጣል። ልጣጩ ወደ ወንፊቱ ይሄዳል። ከዚያ ያው የዘይት ጥማት ይመጣል። ኋላ በወጡት ላይ ታይሚንጉ በካቴና ተተክቷል። ባለ 10 ማርሹ አውቶማቲክ ካምቢዮም ይታማል፤ ማርሽ ሲቀይር ይጎትታል፣ ይመታል የሚል ቅሬታ በብዛት ይነሳበታል።

ከሁለቱ የቱ? የዘይት ታሪኩ በወረቀት ያለ 3.2 ካገኛችሁ እሱን። 2.0ውን የምትወስዱት በካቴና የሆነውን ለይታችሁ ካረጋገጣችሁ ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ።

ናቫራ፣ ኤል 200፣ ዲ-ማክስ

ኒሳን ናቫራ ባለ 2.5 ናፍታው፣ ከ2005 ጀምሮ የወጣው ትውልድ፣ የሚታማው በካቴናው ነው። "ካቴና ዕድሜ ልክ ነው" የሚለው አባባል የማይሠራበት አንዱ ሞተር ይህ ነው። ካቴናው ባለ አንድ ረድፍ ስለሆነ ይረዝማል። ጥሩነቱ ይናገራል። ጠዋት ሲነሳ ሰንሰለት እንደሚጎተት ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ባለ ሁለት ረድፍ ካቴና ተለውጦለት ከሆነ ደረሰኙን ይዛችሁ በደስታ ግዙት። ካልተለወጠ የለውጡን ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

በአሜሪካ ፍሮንቲር በሚባለው የኒሳን ፒካፕ ላይ፣ ከ2005 እስከ 2010 ባሉት፣ ሌላ ጉድ አለ። የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣው ራዲያተሩ ውስጥ ነው ያለው። ውስጡ ሲሰነጠቅ ውኃና የካምቢዮ ዘይት ይቀላቀላሉ። ሮዝ ወተት የመሰለ ነገር ይሆናል። አንድ ራዲያተር ካምቢዮውን ይዞ ይሄዳል። መከላከያው ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ሳይሰነጠቅ በፊት ራዲያተሩን መቀየር።

ሚትሱቢሺ ኤል 200 ባለ 2.5ቱ፣ 4ዲ56 የሚባለው፣ ለብዙ ዘመን የቆየ ሞተር ነው። ሁለት ቺንጋ አለው፤ አንዱ ለታይሚንግ፣ አንዱ ለማመዛዘኛ ዘንጎቹ። ትንሹ ሲበጠስ ቁራጩ ትልቁ ውስጥ ገብቶ ሊያዘልለው ይችላል። ስለዚህ አንዱን ብቻ የቀየረ ሰው ሥራውን አልጨረሰም። አሮጌዎቹ ላይ ሞተሩ ከጋለ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ከ2015 ወዲህ የመጣው 2.4 በካቴና ነው፤ ከሁለቱ እሱን እመርጣለሁ።

አይሱዙ ዲ-ማክስ ባለ 3.0ው፣ 4ጄጄ1፣ በዚህ መመሪያ ውስጥ በጣም አሰልቺው ነው። ይህን የምለው ለምስጋና ነው። የዚሁ ቤተሰብ ሞተር በአይሱዙ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይም ይሠራል። ጎልቶ የሚሰማው ቅሬታ ከናፍታ ፖምፓው ላይ የሚገኝ የመሳቢያ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ሲያረጅ ሞተሩ ቆሞ እያለ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴ ኃይል ይቆርጣል። ቫልቩ ለብቻው ይቀየራል። ምልክት ይሰጣል፣ ይጠገናል፣ ሌላ ዕቃ ይዞ አይሄድም። ሦስቱንም ጥያቄ ያለፈው እሱ ነው። ይጮሃል፣ ሲነዳም እንደ ሬንጀር አይመችም። ያንን ከቻላችሁት ሌላው ጭንቀት የላችሁም።

ትልልቆቹ የአሜሪካ ፒካፖች

እዚህ ጥያቄው ይከብዳል። ምክንያቱም ባለቤቱ ምንም ቢጠነቀቅ የማያድናቸው ችግሮች አሉ።

ጄኔራል ሞተርስ በሚያዝያ 2025 ባለ 6.2 ሊትር ቪ8 ሞተር ያላቸውን ከ2021 እስከ 2024 የተሠሩ መኪናዎች ለፍተሻና ለጥገና ጠርቷል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 600 ሺህ ይጠጋሉ። ሲልቨራዶና ሲዬራ ከነሱ መካከል ናቸው። ችግሩ የክራንክሻፍትና የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) አሠራር ጉድለት ነው። ዘይት በሰዓቱ መቀየር ይህንን አያርመውም። ፍተሻ ያላለፈው ሞተሩ ይቀየራል። ያለፈው ደግሞ ወፍራም ዘይት፣ 0ደብሊው-40፣ ይደረግለታል፤ የዘይት መሙያው ክዳንም ይለወጣል። ይህ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ኮፈኑን ክፈቱና ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አሁንም 0ደብሊው-20 የሚል ከሆነ፣ ወይ ሞተሩ ተቀይሯል ወይ መኪናው ገና አልታየም። የቱ እንደሆነ በወረቀት ይታይ።

ቶዮታም አልቀረለትም። በ2024 ከ100 ሺህ በላይ ተንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ መኪናዎችን ጠርቷል። ከ2022 እስከ 2023 የተሠሩ፣ ባለ ሁለት ተርቦ ቪ6 ናቸው። ምክንያቱ በፋብሪካ ሲቀረጽ ሞተር ውስጥ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ነው። "ቶዮታ ነው፣ አይነካም" የሚለው እምነት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ከድሮዎቹ ውስጥ የምሸሸው ከ2003 እስከ 2007 የወጣውን የፎርድ 6.0 ናፍታ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ይደፈናል፣ ከዚያ የኢጂአሩ ማቀዝቀዣ ይቃጠላል፣ ከዚያ የቴስታታው ጋስኬት ይከተላል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚጥል ሰንሰለት ነው። ሁሉም በጠንካራ ዕቃ ተተክቶለት ከሆነ ሌላ ሞተር ይሆናል፤ ያን የሠራ ባለቤት ግን ደረሰኙን እንደ ልደት ካርድ ነው የሚያስቀምጠው።

በናፍታዎቹ ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፤ የከፍተኛ ግፊት ፖምፓው ሲፒ3 ነው ወይስ ሲፒ4? ሲፒ4 ሲበላሽ የራሱን ብረት ይፈጫል። ፍጩ ወደ ኢንጀክተሮቹ፣ ወደ ቱቦዎቹ፣ ወደ ነዳጅ ታንከሩ ይሄዳል። አንድ ፖምፓ የነዳጅ ሥርዓቱን በሙሉ ይዞ ይሄዳል። ራም ባለ 6.7 ከሚንሱ በ2019 ወደ ሲፒ4 ተሸጋግሮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መኪናዎቹን ጠርቶ ወደ ሲፒ3 ተመልሷል። የተመለሰበት ምክንያት ሁሉን ይናገራል።

ለማን የትኛው?

ከባድ ጭነት፣ ሩቅ መንገድ፣ ጋራዥ የሌለበት ቦታ ከሆነ ዲ-ማክስ 3.0። ከዚያም ቀለል ያለ የምትፈልጉ ከሆነ ላንድክሩዘር 79 ባለ 4.2፣ 1ኤችዜድ። ተርቦ የለውም፣ ፖምፓው መካኒካል ነው። ቅሬታው ዘገምተኛ ነው የሚል ነው። ሰው ይህን አልወድ ብሎ ተርቦ ሲጨምርበት ቴስታታው ይሰነጠቃል። ተርቦ የተጨመረበትን አትግዙ። ቺንጋም አለው፤ አትርሱ።

በአብዛኛው አጭር ጉዞ የምትነዱ ከሆነ ናፍታውን ተዉትና ባለ 2.7 ቤንዚን ሃይሉክስ እዩ። ቤንዚን ይጠጣል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ግን ዲፒኤፍ የለ፣ ተርቦ የለ፣ ከፍተኛ ግፊት የናፍታ ፖምፓ የለ። የሌለ ዕቃ አይሰበርም።

መኪናውን ልታዩ ስትሄዱ

ከመሄዳችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ጠይቁ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው። በአሜሪካ የተሸጠ ከሆነ ያልተሠራ ጥሪ ካለበት በመንግሥቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይወጣል።

ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቃችሁ፣ ሌላ ቀን በጠዋት ተመለሱ። የካቴና ድምፅ፣ የኢንጀክተር መንገጫገጭ፣ ሰማያዊ ጭስ፣ እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይታያሉ፤ ሲሞቅ ይደበቃሉ።

ሳይነሳ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። ላዩ ላይ ቅባት ካለ ወይም ውኃው ወተት ከመሰለ፣ ሌላውን ማየት አያስፈልግም። ከተነሳ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ አድርጉና ሳታነሱት ተዉት። ትንሽ መንቀጥቀጥ ጤና ነው። ክዳኑ እየዘለለ ጭስ እንደ ምድጃ የሚያወጣ ከሆነ ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ) አልቀዋል። የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጨብጡት። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሎ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ሊሆን ይችላል።

ቺንጋ ያለው ከሆነ ደግሞ የላይኛውን መሸፈኛ ማስፈታት ብዙ ጊዜ የጥቂት ቡሎን ሥራ ነው። መካኒክ ይዛችሁ ሂዱና አስፈቱት። በባትሪ መብራት ጀርባውን እዩ። ደረሰኝ ከሌለና ሻጩ "በቅርቡ ነው የተቀየረው" ካላችሁ፣ መኪናውን ከወደዳችሁት ግዙት፤ ግን ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ውሰዱትና ቺንጋውን ከነመወጠሪያው አስቀይሩ። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ገና ቤት ሳይገባ።